ከቡናው በፊት ወረቀቱ

እኛ ዘንድ ሙቀቱ ገብቷል። እንደ እኔ ከመሀል ሎስ አንጀለስ በስተ ሰሜን፣ ሳን ፈርናንዶ ቫሊ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ልጆችን ከጓሮው ገንዳ ማውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በዚህ ወር የማጫውታችሁም ያረጀ የመዋኛ ገንዳ ስለማሳደስ ነው። ገንዳ የሌላችሁ ገጹን አትገልብጡት፤ ኩሽና ወይም መታጠቢያ ቤት ለማሳደስ ለምታስቡም አብዛኛው ይሠራል።

እኛ ቤቱን ስንገዛ ከሁሉ በላይ የተደሰትነው በገንዳው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ልጆቹ የእግራቸው ጣት እየተላጠ ይወጡ ጀመር። ወለሉ እንደ ሞረድ ሻክሯል፤ በጠርዙ ዙሪያ ያለው ታይል መርገፍ ይዟል። ገንዳም ያረጃል። ነጩ ልስን የነጭ ሲሚንቶና የተፈጨ እብነ በረድ ድብልቅ ነው፤ እንደ አያያዙ ከ7 እስከ 15 ዓመት ገደማ ያገለግላል። የእኛው ጊዜው አልፎበት ነበር።

አንድ የምናውቀው ሰው ነበር፤ ስሙ ይቆየን። እናቱና እናቴ አዲስ አበባ አንድ ሰፈር ያደጉ ናቸው። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን፤ ልጆቻችንም አብረው ይጫወታሉ። መጣ፣ ገንዳውን አየ፣ ቡና ጠጣ፣ ዋጋ ነገረን። ግማሹን በቅድሚያ፣ በካሽ። ባለቤቴ “ወረቀት ነገር ቢኖር…” ብሎ ሲጀምር በክርኔ ጎሸም አደረግሁት። የእናቴን የሰፈር ልጅ እንዴት ፈርምልኝ ይባላል? አፈርኩ።

ውሃው ተለቀቀ፤ አሮጌው ልስን ተፈርፍሮ ወጣ። ከዚያ ሰውየው ጠፋ። ስንደውል መልሱ “ነገ እመጣለሁ” ነው። ባዶው ገንዳ አምስት ሳምንት አፉን ከፍቶ ቆየ። በመጨረሻ ሠራተኞች ይዞ መጥቶ ለሰነው፤ ቀሪውን ከፈልን፤ ልጆቹም ገቡ። አበቃ ስንል ከአንድ የግንባታ ዕቃ አቅራቢ ደብዳቤ መጣ። ሰውየው ታይሉንና የልስኑን ዕቃ በዱቤ ወስዶ ስላልከፈለ፣ አቅራቢው በቤታችን ላይ ሊን አስመዝግቧል።

ሊን በቤታችሁ ላይ የሚመዘገብ የዕዳ መያዣ ነው። ካልተነሣ ቤቱን መሸጥ ወይም በቤቱ ብድር መውሰድ ያስቸግራል፤ ገንዘብ ጠያቂው ፍርድ ቤት ከሄደም ቤቱ እስከ መሸጥ ሊደርስ ይችላል። ለኮንትራክተሩ ሙሉውን መክፈላችን አላዳነንም። ለአንድ ታይል ሁለት ጊዜ ከፈልን።

ከገንዘቡ በላይ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ሰውየው ሌባ አልነበረም። በኋላ እንደተረዳነው፣ በእኛ ቅድሚያ ክፍያ የሌላ ሰው ጅምር ሥራ ጨረሰበት፤ የእኛን ደግሞ በሚቀጥለው ሰው ገንዘብ ሊጨርስ አስቦ ነበር። ሒሳቡ አልገጠመለትም። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ስንተያይ ሁለታችንም ወደ ሌላ እንዞራለን። እናቴ ስትደውል “የእነ እገሌ ልጅ ደህና ነው?” ትለኛለች። “ደህና ነው” እላታለሁ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አባቶቻችን። እኔ የተማርኩት ወረቀት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ልናጣው ከማንፈልገው ሰው ጋር ስንሠራ መሆኑን ነው። ስለዚህ እናንተ እንደ እኔ ሳትከፍሉ እንድትማሩ በቅደም ተከተል ላካፍላችሁ። የምጠቅሰው የካሊፎርኒያን ሕግ ነው። ሌላ ግዛት ያላችሁ የአካባቢያችሁን አጣሩ፤ ለምሳሌ ቴክሳስ ለጠቅላላ ኮንትራክተር በግዛት ደረጃ ላይሰንስ ስለማይሰጥ የማጣራቱ ሥራ ይበልጥ በእናንተ ላይ ይወድቃል።

መጀመሪያ ችግሩን እወቁ

ቀለሙ ብቻ ከበለዘ በአሲድ ማሳጠብ ይበቃ ይሆናል። ልስኑ ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ ከተፈረፈረ ወይም ከሥሩ ግራጫው ኮንክሪት ከታየ ግን መቀየር አለበት። ውሃ የሚያጎድል ከሆነ ደግሞ ከልስኑ በፊት ምክንያቱ ይፈለግ። አንድ ባልዲ ውሃ ሞልታችሁ በገንዳው ደረጃ ላይ አስቀምጡ፤ የባልዲውንና የገንዳውን የውሃ ልክ ምልክት አድርጉ፤ ፓምፑን አጥፍታችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ። ሁለቱም እኩል ከጎደሉ የወሰደው ፀሐይና ነፋስ ነው። ገንዳው ከባልዲው በላይ ከጎደለ የሚያፈስ ቱቦ ወይም ስንጥቅ አለ ማለት ነው፤ አዲስ ልስን ብቻውን አያድነውም።

ላይሰንሱን ተመልከቱ

በካሊፎርኒያ የመዋኛ ገንዳ ሥራ የራሱ የላይሰንስ ምድብ አለው፤ ሲ-53 ይባላል። ቁጥሩን ተቀብላችሁ በግዛቱ የኮንትራክተሮች ላይሰንስ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ አስገቡ፤ በነጻ ነው። ላይሰንሱ የሚሠራ መሆኑን፣ በውሉ ላይ ያለው ስም ከላይሰንሱ ስም ጋር አንድ መሆኑን፣ 25,000 ዶላር የሚያስይዘው ቦንድ መኖሩን ታያላችሁ። ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያሠራ ከሆነ የሠራተኞች የጉዳት ኢንሹራንስም ሊኖረው ይገባል። አንዱ ሠራተኛ ጓሯችሁ ውስጥ ወድቆ ቢሰበር ጣጣው ወደ እናንተ እንዳይመጣ ነው።

ዋጋ ቢያንስ ከሦስት ሰው ጠይቁ፤ ለሦስቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርቡ። አሮጌው ልስን ሙሉ በሙሉ ይነሣል ወይስ በላዩ ይለሰናል? ተራ ነጭ ልስን ነው፣ ኳርትዝ የተቀላቀለበት ነው ወይስ ጠጠር? ሁለቱ ኋለኞች ይወደዳሉ፤ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ። ጠጠሩ ለልጆች እግር ሊሻክር ስለሚችል የተሠራ ገንዳ አይታችሁ፣ በእጃችሁ ዳስሳችሁ ምረጡ። ታይሉ፣ ፍርስራሹን ማንሣትና የመጀመሪያው ሳምንት የውሃ እንክብካቤ በዋጋው ውስጥ አሉ? ይህ ሁሉ ካልተጻፈ ርካሹ ዋጋ በኋላ ውዱ ይሆናል።

ቅድሚያ ክፍያ ልክ አለው

ይህን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ሕጉ በቤት እድሳት ውል ላይ ኮንትራክተሩ በቅድሚያ የሚቀበለው ከጠቅላላው 10 በመቶ ወይም ከ1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ካነሰው አይበልጥም ይላል። ሥራው 8,000 ዶላር ከሆነ ቅድሚያው 800 ነው፤ 14,000 ከሆነ 1,000 ነው። ከዚያ በኋላ የምትከፍሉት በየደረጃው፣ ለተሠራ ሥራና ለመጣ ዕቃ ብቻ ነው። ይህ ሕግ ኮንትራክተሩንም የሚጠብቅ ይመስለኛል። የእኛ ሰው ግማሹን በእጁ ባያገኝ ኖሮ በእኛ ገንዘብ የሌላ ሰው ገንዳ ባልጨረሰ ነበር።

ክፍያው በካሽ አይሁን፤ ቼክ ምስክር ነው። ውሉ ሥራው የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ቀን ይያዝ። በመሀል “ይህም ይጨመር” ካላችሁ ዋጋው ተጽፎ ይፈረም። ቤታችሁ ተቀምጣችሁ የፈረማችሁትን ውል በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ መሰረዝ እንደምትችሉም አትርሱ፤ ዕድሜያችሁ 65 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አምስት ቀን አላችሁ።

የመጣውን ደብዳቤ አትጣሉ

ሥራው እንደተጀመረ ከዕቃ አቅራቢ ወይም ከንዑስ ኮንትራክተር “ቅድመ ማስታወቂያ” የሚል ወረቀት ሊደርሳችሁ ይችላል። ለእኛም ደርሶን ነበር፤ የንግድ ማስታወቂያ መስሎኝ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። መልእክቱ “ለቤታችሁ ዕቃ እያቀረብኩ ነው፤ ካልተከፈለኝ ሊን የማስመዝገብ መብት አለኝ” ማለት ነው። ስሙን መዝግቡት። እያንዳንዱን ክፍያ ስትፈጽሙ ከዚያ አቅራቢ የሊን መብቱን የለቀቀበትን የተፈረመ ወረቀት ጠይቁ። ወይም ቼኩን በኮንትራክተሩና በአቅራቢው በሁለቱም ስም ጻፉት፤ ሁለቱ ካልፈረሙ አይመነዘርም። ይህን ብናደርግ ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ውሃው ሲለቀቅና ሲሞላ

ገንዳን በዘፈቀደ ባዶ አታድርጉ። ከባድ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ወይም የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት ቦታ፣ ከሥር ያለው ውሃ ባዶውን ገንዳ ገፍቶ ሊያነሣውና ሊሰነጥቀው ይችላል። ኮንትራክተሩ ለዚህ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁት። ውሃው የት እንደሚፈስም ከከተማችሁ ደንብ አጣሩ።

አዲሱ ልስን እንዳለቀ ውሃ መሙላት ይጀመራል፤ እስኪሞላ አይቋረጥም። መሀል ላይ ከቆመ በዙሪያው የማይለቅ መስመር ይቀራል። ልስኑ አንድ ወር ገደማ እስኪጠነክር ድረስ በየጊዜው በብሩሽ ይጠረጋል፤ የውሃው ኬሚካልም ቶሎ ቶሎ ይለካል። ይህን ማን እንደሚሠራ በውሉ ይጻፍ። ልጆቹ ቢያለቅሱም ባለሙያው ግቡ እስኪል ይጠብቁ።

ከውበቱ በፊት ልጆቹ

አሜሪካ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን ከምንም በላይ የሚገድለው መስመጥ ነው። ብዙዎቻችን ሳንዋኝ ያደግን ነን። ለመጠየቅ ከአገር ቤት የመጣች አያት ገንዳው ዳር ተቀምጣ ልጅ ትጠብቃለች፤ ልጁ ቢገባ ግን ገብታ ማውጣት አትችልም። ስለዚህ የእድሳቱን ገንዘብ ስትመድቡ የደህንነቱን አብራችሁ መድቡ። ከ2018 ጀምሮ በካሊፎርኒያ የግል ቤት ገንዳ በፈቃድ ሲሠራ ወይም ሲታደስ፣ ሕጉ ከዘረዘራቸው 7 መከላከያዎች ቢያንስ 2 እንዲኖሩት ግዴታ ነው። አንዱ ገንዳውን ከቤቱ የሚለይ፣ ቁመቱ ቢያንስ 60 ኢንች የሆነ፣ በሩ በራሱ የሚዘጋና የሚቆለፍ አጥር ነው። የበር ደወልና የገንዳ መሸፈኛም አሉ።

ከታች ያለውን የማፍሰሻ ክዳንም አትርሱ። በ2002 ቨርጂኒያ ግሬም ቤከር የተባለች የ7 ዓመት ልጅ የሙቅ ገንዳ ማፍሰሻ ስቧት ይዟት ሞተች። በስሟ የወጣው የ2007 የፌዴራል ሕግ በአገሪቱ የሚሸጡ ክዳኖች ሰው ስበው እንዳያስቀሩ ተደርገው እንዲሠሩ ያስገድዳል። ገንዳው ባዶ ሳለ አሮጌውን ክዳን ማስቀየር ቀላል ነው፤ በውሉ ውስጥ አስገቡት።

እኛ አጥሩን ያሠራነው ባለፈው ዓመት ነው። የመጣው ኮንትራክተር ይኸውም የአገራችን ልጅ ነው። እኔ እንደ ልማዴ ቡና ላፈላ ስነሣ ከቦርሳው ውሉን አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። “እህቴ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን እንጨርስ፤ ቡናው ከዚያ በኋላ ይጣፍጠናል” አለኝ። ባለቤቴ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ ረከቦቱ አየሁ። ፈረምን። አጥሩ በተጻፈው ቀን አለቀ፤ ልጁም እስከ ዛሬ በሰፈራችን ሲያልፍ ጎራ ብሎ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል።

በሚቀጥለው ወር በሌላ የቤት ጉዳይ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑልኝ።