መዶሻውን አስቀምጡ

የሞተሬን የኋላ ክንድ የፈታሁት ዝናቡ ባቆመ ማግስት፣ መስከረም ላይ ነው። ከኩሽኔታው ቤት ድልህ የመሰለ የዝገት ጭቃ ወጣ። ከጭቃው መካከል እንደ ስፌት መርፌ የቀጠኑ ብረቶች አገኘሁ፤ ግማሾቹ ተሰብረዋል፣ ግማሾቹ ከቤታቸው ጋር ተጣብቀው አልላቀቅ ብለዋል። ከሁለት ወር በፊት «ሙሉ ሰርቪስ» ተብሎ ከፍዬ፣ ደረሰኝ ተቀብዬ የወሰድኳት ሞተር ናት። ተመልሼ ስጠይቅ የጋራዡ ልጅ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ጋሼ፣ እሱ እኮ አይፈታም፤ ከፋብሪካ እንደመጣ ነው የሚሄደው» አለኝ።

አይፈታም! ቡሎን አለው፣ ዳዶ አለው፣ ሮንዴላ አለው። ታዲያ ለምን ተብሎ ነው የማይፈታው?

የጎማ ኩሽኔታ ዕድለኛ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስንሄድ ጎማው በደቂቃ ወደ 500 ጊዜ ይዞራል፤ ግራሶው ሁሉም ጋ ይዳረሳል፣ ኩሽኔታው ሲበላሽም ይጮሃል፣ እንሰማዋለን። የኋላ ክንዱና የአሞርዛተሩ ማያያዣ ኩሽኔታዎች ግን ሙሉ ዙር ዞረው አያውቁም። ወደ ላይ ትንሽ፣ ወደ ታች ትንሽ፣ ያው እዚያው። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ያቺው መርፌ ያንኑ ቦታ ትመታለች። ግራሶው ከሥሯ ይሸሻል፤ መልሶ የሚያመጣው የለም። ውስጥ ያለው ቦኮላ ላይ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ይቆፈራል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም ድምፅ አይሰማም።

እኔም የሰማሁት ነገር አልነበረም። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስወርድ በየመታጠፊያው የሞተሯ ጀርባ ለብቻው ሊሄድ ሲል በመቀመጫዬ ይሰማኝ ነበር። «ጎማው ነው» አሉኝ። ጎማ ቀየርኩ። «ካቴናው ላልቷል» አሉኝ። አጠበቅኩ። በዚያ ቁልቁለት፣ ከኋላዬ የጭነት መኪና እየተከተለኝ፣ በተሰበሩ መርፌዎች ላይ ተቀምጬ ነበር የምወርደው። ስለዚህ ቁጣዬ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም።

ላቫጆውንም ዝም ብዬ አላልፈውም። የኩሽኔታው ጎሚኒ ከጎማ የሚረጨውን ጭቃ ይመልሳል፤ በግፊት የሚመጣን ውሃ ግን አይችልም። ውሃው ጎሚኒውን አልፎ ይገባል፣ ሳሙናው ግራሶውን ያጥባል፣ የገባው ውሃ መውጫ የለውም። የሚያጥበውን ልጅ አልወቅስም፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። «ከሥሯ ደህና አድርገህ ስጣት» እያለ ከአጠገቡ የሚቆመው የሞተሯ ባለቤት ነው። የገዛ ሞተሩን ከውስጥ እያዛገ፣ ውጪዋ ስላበራ ደስ ብሎት ይሄዳል።

ፋብሪካዎቹም ከወቀሳ አያመልጡም። ከድሮዎቹ ሞተሮች ብዙዎቹ በኋላ ክንዳቸው ላይ የግራሶ ኒፕል ነበራቸው፤ በፓምፕ ሁለት ሦስቴ ትገፋለህ፣ አሮጌው በጎን ይወጣል፣ አለቀ። ዛሬ ከብዙዎቹ ላይ ጠፍቷል። የግራሶው ፍላጎት ግን አልጠፋም።

ከሁሉ የሚያበግነኝ መዶሻው ነው። አዲስ ኩሽኔታ ከካርቶኑ አውጥተው ክንዱ ላይ ያስቀምጡና ይደበድቡታል! የመርፌ ኩሽኔታ ቅርፊቱ ስስ ነው። አንድ ጠርዙ ከተመታ ይጣመማል፣ መርፌዎቹ ይነክሳሉ፤ ገና ሞተሩ ላይ ሳይገጠም ሞተ ማለት ነው። ከዚያ ስድስት ወር ሳይሞላ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል። ፎርጅድ ዕቃ በገበያው ሞልቷል፣ አልክድም፤ ግን ስንቱን ደህና ዕቃ በመዶሻ ገደልነው?

እኔ በቤቴ በረንዳ ላይ እንዲህ ሠራሁት። አዲሱን ኩሽኔታ በላስቲክ ጠቅልዬ ፍሪጁ በረዶ ቤት አሳደርኩት። የማያያዣው አልሙኒየም በሙቀት ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ፣ በፈላ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ደጋግሜ ጠቀለልኩበት። አሮጌው ምን ያህል ጠልቆ እንደተቀመጠ ሳላወጣው በፊት በካሊበር ለካሁ፤ ጎሚኒው ከላዩ የሚያርፍበት ቦታ ካልቀረ ሁሉም ልፋት ከንቱ ነው። ከዚያ አንድ ረጅም ቡሎን፣ አንድ ዳዶ፣ ሁለት ወፍራም ሮንዴላ፣ ልኩ ከኩሽኔታው ውጫዊ ጠርዝ ትንሽ ያነሰ የቡሶላ ራስ። ቁጥር የተጻፈበትን ጎን ወደ ውጭ አድርጌ፣ ዳዶውን ሩብ ሩብ ዙር እያጠበቅኩ ሳብኩት። ቀጥ ብሎ፣ ያለ አንድ ምት ገባ። ውሃ የሚቋቋም ግራሶ በጣቴ በየመርፌዎቹ መካከል አስገባሁ። ቡሎኖቹንም በጉልበት ሳይሆን መመሪያው ላይ በተጻፈው ልክ፣ በተዋስኩት የቶርክ ቁልፍ አጠበቅኩ።

«የባለሙያ ሥራ ነው» የሚሉኝ አሉ። ዋናው ቡሎን በዝገት ተጣብቆ እምቢ ካለ ወይም ቤቱ ከተሰነጠቀ አዎ፣ ቶርኖ ቤት ውሰዱት። ከዚያ በፊት ግን የኋላ ጎማዋን ከመሬት አንሱና ክንዱን ጫፉ ላይ ይዛችሁ ወደ ጎን ናጡት። ትንሽም ብትሆን «ቀጭ» ካለች ፍቱት። ካላለችም በዓመት አንዴ፣ ክረምት ሲወጣ ፍቱት፤ መርፌዎቹ አንዴ ከዛጉ ግራሶ አያድናቸውም።

ሦስት ኩሽኔታ ነበር የሚቀየረው። አንዱን ከጨረስኩ በኋላ ያንን የጋራዥ ልጅ ደውዬ እሑድ ጠራሁት። መጣ። ቡና እስኪፈላ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና ቁልፉን ከእጄ ተቀብሎ ሁለተኛውን ራሱ ሳበው። ሲገባ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን በጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰው፤ ሦስተኛውንም ሳልነግረው ቁጥሩን ወደ ውጭ አዙሮ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ ይሄን ቡሎን ከየት ነው ያገኙት?» አለኝ።

ሱማሌ ተራ አልኩት።