ፊዚክስን ሸሽቶ ሐኪም መሆን አይቻልም

የፈተና ወራት በተቃረበ ቁጥር በአሰላ ከተማ በየዶርሙ፣ በየሻይ ቤቱና በየቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ አንድ ምክር ከጆሮ ወደ ጆሮ ይዞራል። ምክሩም ይህ ነው፤ «ሕክምና ለመግባት የምትፈልግ ሁሉ ባዮሎጂን ሸምድድ፤ ኬሚስትሪን እንደ ምንም አድርገህ እለፈው፤ ሒሳብንና ፊዚክስን ግን ከአሮጌ የፈተና ወረቀት መልሱን ያዝና ተገላገላቸው።» መካሪው ቀደም ብሎ የገባ ተማሪ ነው። ተመካሪው ደግሞ ከቦቆጂ፣ ከሣጉሬ፣ ከኢተያ ወይም ከሮቤ የመጣ አዲስ ገብ ነው። እኛ ይህን ምክር እንቃወማለን። የምንቃወመውም ስለ በሽተኛው ብለን ነው።

በደንቡ ከሄድን የሳይንስ ተማሪ አንዱን ይዞ ሌላውን የመተው መብት የለውም። 11ኛ ክፍል ሲደርስ የተፈጥሮ ሳይንስን የመረጠ ሰው ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ አብረው ይጠብቁታል። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አራቱም ይጠየቃሉ። በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ በመጣው የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርትም አራቱ አሉ። እንግዲህ እውነተኛው ምርጫ የሚደረገው በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ አይደለም፤ በልባችን ውስጥ ነው። አንዱን ለማወቅ እንማራለን፤ ሌላውን ለማለፍ ብቻ እናጠናለን።

የመካሪዎቹን ክርክር አናቃልልም። «ውድድሩ ብርቱ ነው፤ ቦታው ጥቂት ነው፤ አንድ ዝቅተኛ ማርክ ሕልምን ይገድላል» ይላሉ። እውነት ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም 3.3 ከመቶ መሆኑ ነው። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 5.4 ከመቶ ከፍ ቢልም የሚያስፎክር አይደለም። በዚህ ጠባብ በር የገባ ተማሪ ማርኩን እንደ ዓይኑ ብሌን ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ማርክ መጠበቅ ሌላ፣ ዕውቀት መሸሽ ሌላ ነው።

ለመሆኑ ፊዚክስ ለሐኪም ምን ያደርግለታል? መልሱን ከዚሁ ከደጋችን እንውሰድ። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል፣ ቦቆጂ ደግሞ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይገኛሉ። በአሰላ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ሳንባዋ የታመመች ሕፃን ከጭላሎ ግርጌ ስትመጣ ሐኪሙ በጣትዋ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ያደርጋል። መሣሪያው አንዱ ቀይ፣ ሌላው ለዓይን የማይታይ ሁለት ብርሃን በጣትዋ ውስጥ እያሳለፈ ደምዋ ምን ያህል ኦክስጅን እንደ ተሸከመ ይገምታል። የደገኛ ሰው ቁጥር በጤናውም ጊዜ ከቆለኛው ጥቂት ዝቅ ይላል። ስለ ግፊትና ስለ ብርሃን ያልገባው ሐኪም ያን ቁጥር በምን ይመዝነዋል? ጣቷ በብርድ ደርቆ መሣሪያው ቢሳሳትስ እንዴት ይጠረጥራል?

ኬሚስትሪም እንዲሁ ነው። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ የሚሰጠው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚሠራው ስኳሩ ጨዉን ይዞ በአንጀት ግድግዳ ስለሚያልፍና ውኃውም ስለሚከተላቸው ነው። በ1 ሊትር ውኃ የሚበጠበጠውን እናት በግማሽ ሊትር ብትበጠብጠው ድብልቁ ከመጠን በላይ ወፍሮ ውኃውን ከልጁ ሰውነት ወደ አንጀቱ ሊስብ ይችላል። ይህን የተረዳ ሐኪም ለእናቲቱ በቀላል ቋንቋ ያስረዳታል። የሸመደደ ሐኪም ግን ፓኬቱን ሰጥቶ ይሸኛታል።

ሒሳብስ? 8 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በኪሎ 15 ሚሊግራም ሲታዘዝ 120 ሚሊግራም ይሆናል። አንዲት ዜሮ ብትጨመር 1,200 ናት፤ ያን ጊዜ ማስታገሻው ጉበት የሚጎዳ መርዝ ይሆናል። በፈተና ወረቀት ላይ የሳተች ዜሮ አንድ ማርክ ታስቀንሳለች። በሐኪም ማዘዣ ላይ የሳተች ዜሮ ግን ሰው ትገድላለች።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በተማሪው ትከሻ ላይ ብንጭን ግፍ ይሆናል። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ 70 ከመቶ ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ በተባለ ጊዜ የተማሪው ቁጥር ቀድሞ ሮጠ፤ ቤተ ሙከራው ወደ ኋላ ቀረ። ከእኛ መካከል ማይክሮስኮፕን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ አይተው፣ አሲድና ቤዝን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ቀላቅለው እዚህ የደረሱ ስንት ናቸው? በዚህ ላይ «ፊዚክስን ተወው» የሚል ምክር ሲጨመርበት፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

የሚያስቆጨን ደግሞ ይህ አገር የሙከራን ዋጋ የማያውቅ አገር አለመሆኑ ነው። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት መሠረቱን የጣለው በዚሁ በአሰላ ነበር። ከአሰላ ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኘው በቁሉምሳ የምርምር ማዕከል የስንዴ ዘር በመደብ ተዘርቶ፣ ተለክቶና ተመዝግቦ ካልታየ ለገበሬው አይሰጥም። ለስንዴው ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ የገበሬውን ልጅ የሚያክመውን ሰው ሙከራ ሳናሳይ ወደ በሽተኛ አልጋ መላክ ተገቢ ነውን?

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። መምህራኖቻችን ሆይ፣ የአምናውን ጥያቄ ለዘንድሮ አትድገሙልን፤ «ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁን። ቢከብደንም እንችለዋለን። የዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ለአካባቢው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይከፈቱ፤ ዕቃውን ለማጠብና ተማሪዎቹን ለመምራት ከእኛ ከተማሪዎች ፈቃደኛ ይሰለፍ። የሕክምና ተማሪዎችም ለአዲስ ገቦች ያረጀ ፈተና ከማውረስ ይልቅ በሆስፒታል ያዩትን ይንገሯቸው፤ ፊዚክስ የት እንዳስፈለጋቸው ይመስክሩ። የትምህርት ባለ ሥልጣኖችም የሳይንስ ተማሪ ስንት ሆነ ብለው ከመቁጠራቸው በፊት የተከፈተ ቤተ ሙከራ ስንት አለ ብለው ይቁጠሩ።

አዲስ ገብ ወንድማችንና እኅታችን ሆይ፣ ነገ ያ መካሪ መጥቶ «ፊዚክስን ተወው» ቢልህ፣ ቢልሽ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት። የገዛ እናቱ በታመመች ጊዜ ፊዚክስን በተወ ሐኪም እጅ እንድትወድቅ ይወድዳልን?