ባለሜዳ የሌለበት ሊግ

በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ መርሐ ግብር ላይ ሁለት ቡድኖች ጎን ለጎን ይጻፋሉ። በግራ የተጻፈው ባለሜዳ፣ በቀኝ የተጻፈው እንግዳ ነው። ይህ የወረቀት ልማድ ነው። ፋሲል ከነማ ባሕር ዳር ከነማን ድሬዳዋ ላይ "ያስተናግዳል" ሲባል ባለሜዳው ማን ነው? ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁርሱን በልቶ የተነሳ ደጋፊ ለምሳ ይደርሳል። ከጎንደር ድሬዳዋ ግን ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጎረቤታሞች አገር አቋርጠው ሰው ቤት ይገናኛሉ፣ የሁለቱም ደጋፊ ግን በየከተማው ካፌ ቴሌቪዥን ሥር ተቀምጦ ይጨቃጨቃል።

ነገሩ የተጀመረው በ2013 ነው። ኮሮና የ2012ን ውድድር መሀል ላይ አስቁሞት ነበር። አዲስ የተቋቋመው የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከዲኤስቲቪ ጋር የአምስት ዓመት የስርጭት ውል ፈጸመ። ከዚያ በኋላ ክለቦቹ በሙሉ አንድ ከተማ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ለሳምንታት ይጫወታሉ፣ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተራ ደረሳቸው። ወረርሽኝ ባለበት ዓመት ይህን ማንም አይነቅፍም። ካሜራ የሚያቆም፣ መብራት ያለው፣ ሣሩ የሚረገጥ ሜዳ በየከተማው አልነበረም። ጭምብሉ ከወለቀ በኋላ ግን አሠራሩ አልወለቀም። ጊዜያዊ የተባለው ነገር እንደ ቆርቆሮ አጥር ሆነ፤ ለአንድ ክረምት ተብሎ ይታጠራል፣ ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት ሲገባም እዚያው ቆሞ ይገኛል።

ፋሲል በታሪኩ የመጀመሪያ የሆነውን የሊግ ዋንጫ ያነሳው በዚያው በ2013 ነው። በዚያ ዓመት ጎንደር ላይ አንድም የሊጉ ጨዋታ አልተደረገም። ከተማዋ ሻምፒዮኗን ያወቀችው በቴሌቪዥን ነው። በሌላ አገር ቢሆን ይህ ለዓመታት የሚወራ ጉድ ነበር፤ እዚህ ግን ማንም ጉዳዬ ብሎ ሳያነሳው አለፈ።

ስለ ስታዲየም ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው የባለቤቱ ደጋፊ ነው። ስለ አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ፣ ስለ ሚስማር ተራ፣ ስለ ጥላ ፎቅ የማያወራ የኳስ ሰው የለም። ስለ ተጓዡ ደጋፊ ግን የሚያወራ ጥቂት ነው። ቀድሞ ጨዋታው እሑድ ከሆነ ጉዳዩ የሚጀምረው ሰኞ ነው። ደጋፊዎች ማኅበሩ ስም ይመዘግባል፣ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ለቅጥቅጥ ወይም ለአባዱላ ባለቤት ቀብድ ይሰጣል። ሊነጋጋ ሲል ባንዲራው በመስኮት ይወጣል፣ ከበሮው ከኋላ ወንበር ይጀምራል፣ ሹፌሩ መጀመሪያ ይቆጣል፣ ሁለት ከተማ ካለፉ በኋላ ራሱም መሪውን እየመታ ይዘፍናል። ምሳ መንገድ ላይ ነው። ገንዘብ የጎደለበት ይሸፈንለታል፣ ዕዳው ግን እስከ ቀጣዩ ጉዞ ይወራበታል።

ይህ ሰው ነጋዴ ወይም ባለሥልጣን አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጋራዥ የሚሠራ፣ ሊስትሮ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ነው። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ሰው የትውልድ አካባቢውን ለቆ ሌላ ክልል የሚያይበት ምክንያት ጥቂት ነው፤ ሥራ ፍለጋ፣ ለቅሶ፣ ንግሥ፣ ሕክምና። አምስተኛው ኳስ ነበር። ያውም ሲሄድ የሚለምነውም ሆነ የሚሸጠው ነገር የለውም። በማያውቀው ቋንቋ የሚሰደብበትንም የሚጨበጨብለትንም ከተማ በዓይኑ አይቶ ማታ ይመለሳል። አንዳንዱ በእንግድነት የተሰጠውን ውኃና ቆሎ ለዓመታት ያወራል። አንዳንዱ ደግሞ ድንጋይ ይዞ ይመለሳል፤ እሱም አለ።

ወላይታ ድቻ በ2010 ዛማሌክን ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያስወጣበትን ጊዜ ማስታወስ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ጨዋታ የተደረገው ሶዶ ላይ አልነበረም፣ ሐዋሳ ላይ ነበር። የድቻ ደጋፊ በሻሸመኔ በኩል ዞሮ የሰው ከተማ ገባ፣ ቡድኑ 2 ለ 1 አሸነፈ፣ ካይሮ ላይ ደግሞ በፍጹም ቅጣት ምት ዛማሌክን አሰናበተ። የሲዳማና የወላይታ ግንኙነት በየጊዜው ምን ያህል እንደሚሻክር ለሚያውቅ ሰው፣ የጦና ንቦቹ ደጋፊ ሐዋሳ ላይ እንደ ልቡ የጨፈረበት ቀን ቀላል ቀን አልነበረም።

ደጋፊው ግን መልአክ አይደለም፣ ይህን መደበቅ ጽሑፍ ማስዋብ ይሆናል። በዚያው በ2010 ኅዳር ወር ወልድያ ላይ ከወልድያና ከመቀሌ ጨዋታ ጋር ተያይዞ የተነሳው ግጭት ከስታዲየም ወጥቶ ከተማ ውስጥ ገባ፣ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ከዚያ በኋላ የአማራና የትግራይ ክለቦች እርስ በርስ የሚያደርጉት ጨዋታ ገለልተኛ በተባለ ሜዳ እንዲደረግ ተወሰነ። በስታዲየም ውስጥ የሚሰማው ስድብ የኳስ ስድብ መሆኑ ቀርቶ የብሔር ስድብ ሆኖ ነበር። ዳኛን "ሌባ" ማለት አንድ ነገር ነው፤ ከሌላ ከተማ የመጣን ልጅ "ወደ አገርህ" ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ያኔ የሰማናቸው ዘፈኖች በኋላ በጦርነት ጊዜ ከሰማናቸው ንግግሮች ብዙም አይርቁም ነበር።

ስለዚህ የአንድ ከተማው አሠራር ደጋፊዎች የሚሉት ነገር አለ። "ይኸው ረብሻ ቀረ" ይላሉ። እውነት ነው፣ ቀንሷል። ድግስ በሌለበት ቤት ብርጭቆ አይሰበርም። ካሜራው ከኳሱ ዞር ሲል የሚያሳየው ባዶ ሲሚንቶ ከሆነ፣ ከማን ጋር ይጣላሉ? ፖሊስም ፌዴሬሽኑም ክለቦቹም የተማሩት ነገር የለም። ሁለት ተቃራኒ ደጋፊዎችን በአንድ ስታዲየም እንዴት ማስተናገድ እንደሚቻል የሚያውቅ ሰው ዛሬ በዚህ አገር ከድሮው ያነሰ ነው እንጂ የበለጠ አይደለም። ችግሩ አልተፈታም፣ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

አርጀንቲና ይህን መንገድ ቀድማ ሄዳበታለች። በፈረንጆቹ 2013 ላ ፕላታ ከተማ ውስጥ አንድ የላኑስ ደጋፊ ፖሊስ በተኮሰው የጎማ ጥይት ተገደለ። መልሱ ተጓዥ ደጋፊን በሊጉ በሙሉ ማገድ ሆነ። ልብ ይባል፣ የተኮሰው ፖሊስ ነው፣ የታገደው ደጋፊ ነው። እገዳው ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። በእነዚያ ዓመታት የአርጀንቲና ስታዲየሞች ሰላም አላገኙም፤ የአንድ ክለብ ደጋፊዎች በቡድን ተከፋፍለው እርስ በርሳቸው ተገዳደሉ። በ2025 ነው ተጓዥ ደጋፊን በሙከራ መልሰው ማስገባት የጀመሩት። በእንግሊዝ ደግሞ በ1980ዎቹ ስማቸው የጠፋ ደጋፊዎች የነበሩበት ሊግ ዛሬ ለእንግዳው እስከ 3 ሺህ ትኬት ወይም የስታዲየሙን አሥር በመቶ ይመድባል፣ የትኬቱም ዋጋ ጣሪያ አለው። የእንግሊዝ ገንዘብ እዚህ የለም፣ ሐሳቡ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። እንግዳው ይመጣል ብሎ ማሰብና ቦታውን ቀድሞ ማዘጋጀት ብቻ ነው።

የብሔራዊ ቡድኑ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ኢትዮጵያ በ1957 እ.ኤ.አ. ካፍን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ናት፤ የ1962ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ያነሳችው አዲስ አበባ ላይ፣ በገዛ ሕዝቧ ፊት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ነው። ከ60 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014፣ ያችኑ ግብፅን እንደገና 2 ለ 0 ስትረታ፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ጎል ሲያገቡ፣ ጨዋታው የተደረገው ሊሎንግዌ ነው። የኢትዮጵያ "ሜዳ" ማላዊ ነበር። ያ ድል አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ ከስታዲየም እስከ መስቀል አደባባይ ያለው መንገድ ምን ይመስል እንደነበር ለመገመት ብዙ አያስቸግርም። ማላዊ ለመሄድ ፓስፖርት፣ የአውሮፕላን ትኬትና የሳምንት ፈቃድ ያለው ደጋፊ ስንት ነው?

ከዚያ ስምንት ወር ቀደም ብሎ መስከረም 29 ቀን 2014 ባሕር ዳር ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር የተደረገው ጨዋታ ለረጅም ጊዜ አገር ውስጥ የታየ የመጨረሻው ትልቅ ጨዋታ ሆኖ ቀረ። የካፍ መርማሪዎች ሜዳው አይመጥንም አሉ። ኅዳር 2 ጋናን የተቀበልነው ጆሃንስበርግ፣ ሶዌቶ ውስጥ ባለው ኦርላንዶ ስታዲየም ነው። ከዚያም ሞሮኮ፣ ሞዛምቢክ፣ ታንዛኒያ፣ ኮንጎ። የዋልያዎቹን "የሜዳ" ጨዋታዎች ዝርዝር የሚያይ ሰው የአየር መንገዱን የበረራ መስመር ያየ ይመስለዋል። ጥፋቱ የካፍ ነው ማለት ቀላል ነው። የመልበሻ ክፍል፣ መፀዳጃ ቤት፣ ወንበር፣ መብራት እንዲሟላ መጠየቅ ግን ግፍ አይደለም። በየክልሉ ግዙፍ ስታዲየም ተጀምሮ፣ ኮንክሪቱ ቆሞ፣ ወንበር ሳይገጠምለት ዓመታት የሚያልፉት በካፍ ትዕዛዝ አይደለም።

በዚህ መሀል አንድ የተረሳ ነገር አለ። ጥር 13 ቀን 2005 ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ላይ ዛምቢያን ስትገጥም ስታዲየሙን በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የሞላው ሰው በአብዛኛው ከአዲስ አበባ የመጣ አልነበረም። በየከተማውና በየመንደሩ ሱቅ የከፈተ፣ ብርድ ልብስና ልብስ እየዞረ የሚሸጥ፣ ብዙው በእግሩና በጭነት መኪና ድንበር እየተሻገረ ደቡብ አፍሪካ የገባ ስደተኛ ነው። ሱቁን ዘግቶ መጣ። በሚኖርበት አገር ሱቁ ሲዘረፍና ሲቃጠል የኖረ ሰው፣ ለ90 ደቂቃ ብዛት ያለው፣ ድምፁ የሚሰማ ወገን ሆነ። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ሲወጣ ቩቩዜላና የመጠጥ ዕቃ ወደ ሜዳ ወረወረ፤ አሳፋሪ ነበር፣ ጨዋታውም ቆሞ ነበር። አዳነ ግርማ አቻ ሲያደርግ ደግሞ እዚያው ቆሞ ያለቀሰው ያው ሰው ነው። ሁለቱንም ያደረገው አንድ ሕዝብ ነው። ተጓዥ ደጋፊን የሚያስተዳድር ሰው ሁለቱንም አውቆ ነው መነሳት ያለበት፤ ወይ ጀግና ወይ ወንበዴ ብሎ መፈረጅ አይሠራም።

ወደ አገር ቤቱ ሊግ እንመለስ። በ2017 የውድድር ዘመን የትግራይ ክለቦች ከጦርነቱ በኋላ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ተመለሱ። ብዙ ሰው "እግር ኳስ አስታረቀን" ብሎ ጻፈ። ተጫዋቾቹ ተመልሰዋል፣ ደስ ይላል። ደጋፊው ግን አልተመለሰም። የመቀሌ 70 እንደርታ ደጋፊ ጎንደር አልሄደም፣ የፋሲልም መቀሌ አልደረሰም። መታረቅ ማለት ሁለቱ በአንድ አጥር ውስጥ ገብተው፣ ተሰዳድበው፣ ተሳስቀው፣ ማታ ሁለቱም በሰላም ቤታቸው ሲገቡ ነው። የተደረገው ሦስተኛ ሰው ቤት ተቀምጦ ኳስ መጫወት ነው።

እርግጥ ትልቁ እንቅፋት ሊጉም ሜዳውም አይደለም፣ መንገዱ ነው። ተሳፋሪ ከአውቶቡስ እየወረደ በሚታገትበት፣ ቤተሰብ ንብረት ሸጦ ማስለቀቂያ በሚከፍልበት አገር ሃምሳ ወጣት ማሊያ ለብሶ ባንዲራ እያውለበለበ 500 ኪሎ ሜትር ይሂድ ማለት ኃላፊነት የጎደለው ምክር ነው። ይህን ፌዴሬሽኑ አይፈታውም። ግን ሁሉም መንገድ አንድ አይደለም። ከአዲስ አበባ አዳማ የፈጣን መንገድ ነው። ከሐዋሳ ሶዶ፣ ከሶዶ አርባ ምንጭ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። ሁሉም ከተማ እስኪመች መጠበቅ ማለት የሚመቸውንም መዝጋት ነው። ቅርብ ለቅርብ ያሉ ክለቦች በየሜዳቸው የሚገናኙባቸውን ጥቂት ጨዋታዎች መርጦ መጀመር ይቻላል፤ ለእንግዳው የራሱ በርና የራሱ ትሪቡን ተለይቶ፣ ትኬቱ በራሱ ክለብ በኩል በስም ተሸጦ፣ አውቶቡሶቹ መቼ ተነስተው መቼ እንደሚደርሱ የሁለቱም ከተማ ፖሊስ አውቆት። ድንጋይ የወረወረ ሰው በስሙ ይጠየቅ። ዛሬ ባለው ልማድ አንድ ሰው ሲያጠፋ ክለቡ ይቀጣል፣ ስታዲየሙ ይዘጋል፣ ወርዋሪው ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቦታ ቆሞ ይታያል።

ይህን የሚቃወሙ ክለቦች ይኖራሉ። አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው፤ ደጋፊ ቢመጣም ባይመጣም ደመወዝ ይከፈላል፣ ለሳምንታት ሆቴል የሚከፈለውም ከዚያው ነው። ለእነሱ ባዶ ትሪቡን የገንዘብ ጉዳይ አይደለም። እንደ ኢትዮጵያ ቡና በደጋፊ ትከሻ ላይ ለቆመ ክለብ ግን ነው። የስርጭት ገንዘቡም ቢሆን የሚመጣው ሰው የሚያየው ነገር ሲኖር ነው፤ ማንም ያልጮኸበትን ጎል ደጋግሞ የሚያይ ተመልካች እምብዛም የለም።

የሚቀጥለው ዓመት መርሐ ግብር ሲወጣ በየከተማው ያሉ የደጋፊ ማኅበራት መሪዎች እንደ ልማዳቸው በመጀመሪያ የሚያዩት ዋንጫው የት እንደሚሰጥ አይደለም። የትኛው ጨዋታ ለቅጥቅጥ ቀብድ የሚያስከፍል እንደሆነ ነው የሚያዩት። ለዓመታት አንድም አላገኙም።