ያዳነሽ ጣትሽ አይደለም

ዛሬ ጽሑፉ ረዘም ይላል። ቡና ይዛችሁ አንብቡት ልላችሁ ነበር፤ ግን ስለ ቡናም ከታች የምለው ስላለ ይቅር።

የፈተና ወቅት በመጣ ቁጥር ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይሞላል። "ቲቸር፣ ልቤ በድንገት መምታት ይጀምርና የምሞት ይመስለኛል። ቲክቶክ ላይ ፊትን በጣት መታ መታ ማድረግ ያቆመዋል ሲሉ አየሁ። እውነት ነው?" አሁን አሁን ደግሞ ይሄንኑ በክፍያ እናሰለጥናለን የሚሉ መጥተዋል። ለእያንዳንዱ ከመመለስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው።

አቋሜ አጭር ነው። መታ መታ ማድረጉ በራሱ አይጎዳም። ብዙ ሰው ቀለለኝ ይላል፤ ውሸታቸውንም አይደለም። ነገር ግን ያቀለላቸው ነጥቡ ወይም "ኢነርጂው" አይደለም። ይሄን አለማወቅ ደግሞ ፍርሃቱን ያቆየዋል።

ነገሩን ለማታውቁት ትንሽ ልበል። ታፒንግ ይሉታል፤ መነሻው አሜሪካ ነው። ሮጀር ካላሃን የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አንድ ሐሳብ ይዞ ተነሣ። ፍርሃት የሚመጣው በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወር ኃይል ሲዛባ ነው፤ በቻይና አኩፓንክቸር የሚታወቁትን ነጥቦች በተወሰነ ቅደም ተከተል በጣት መታ መታ ብናደርግ ይስተካከላል አለ። ለየችግሩ የየራሱ ቅደም ተከተል ነበረው። በ1990ዎቹ ደግሞ ከእሱ የተማረ ጌሪ ክሬግ የሚባል ኢንጂነር ነገሩን አቀለለውና ለሁሉም ችግር አንድ ቅደም ተከተል ይበቃል አለ። የመዳፍ ጠርዝ፣ የቅንድብ መነሻ፣ የዓይን ጥግ፣ ከዓይን ሥር፣ ከአፍንጫ ሥር፣ አገጭ፣ ከአንገት ሥር ያለው አጥንት፣ ከብብት ዝቅ ብሎ፣ አናት። እየመታችሁም ፍርሃታችሁን በስሙ ትጠራላችሁ፤ ራሳችሁንም እንደምትቀበሉ ትናገራላችሁ። በቃ ይሄ ነው።

እስቲ አሁን ክፍል ውስጥ እንዳላችሁ ቁጠሩት። አስተማሪው ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው አለ። ተማሪው የለም፣ አንዱ ለሁሉም ይበቃል አለ። ሁለቱም ጋ የሄደ ሰው ተሻለኝ አለ። ታዲያ ቅደም ተከተሉ ምን ሠራ?

እሺ፣ ቅደም ተከተሉ ይቅርና ነጥቦቹስ? እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ይሄንኑ ጠይቋል። 119 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በአራት ቡድን ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ትክክለኛ የተባሉትን ነጥቦች መታ። ሁለተኛው ክንዱ ላይ ትርጉም የሌላቸውን ቦታዎች መታ። ሦስተኛው ራሱን ትቶ አሻንጉሊት መታ! አራተኛው ምንም አልመታም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱም ቡድኖች ፍርሃታቸው ቀነሰ፤ በመካከላቸውም ልዩነት አልታየም። የአራተኛው አልቀነሰም። አሻንጉሊት የመታው ሰው ከቀለለው፣ ፊታችን ላይ ያለው ነጥብ መድኃኒት ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

ታዲያ ምንድነው ያቀለላቸው? እዚህ ጋ ወደ ባዮሎጂ ልመልሳችሁ፤ ሙያዬም እሱ ስለሆነ።

ከኩላሊት በላይ ያሉትን ዕጢዎች ታስታውሳላችሁ አይደል? አደጋ ሲመጣ አድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ላብ ይመጣል። ጅብ ሲያሳድዳችሁ ይሄ ያድናችኋል። ፓኒክ አታክ ማለት ጅቡ ሳይኖር ይሄው ደወል ሲደወል ነው። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከመጠን በላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ጣት ይደነዝዛል፣ ከንፈር ይወራል፣ ጭንቅላት ይዞራል። ያኔ ሰውየው "ልቤ ሊቆም ነው" ወይም "ላብድ ነው" ብሎ ያስባል። ይሄ ሐሳብ ራሱ አዲስ አደጋ ይሆንና ዕጢዎቹ እንደገና ይለቃሉ። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያብራራው ይሄንን አዙሪት ነው፤ ሰውን የሚጥለው የልቡ ምት ሳይሆን ለምቱ የሚሰጠው ትርጉም ነው።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው። ሰውነት በዚያ ደረጃ ላይ ብዙ መቆየት አይችልም። አብዛኛውን ጊዜ ፓኒኩ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ ይነካና በራሱ ይወርዳል። ብትመቱም ይወርዳል፣ ባትመቱም ይወርዳል። በሐምሌ ዶፍ መሐል ወጥቶ ከበሮ የሚመታ ሰው አስቡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዝናቡ ያባራል፤ እሱም ከበሮዬ ነው ያቆመው ይላል። ታፒንግም እንዲሁ ነው። በርግጥ ሐሳብን ከልብ ምት አንሥቶ ጣት ላይ ያሳርፋል፣ ትንፋሽን ያረጋጋል፣ ፍርሃትንም በስሙ ያስጠራል። እነዚህ ጥሩ ነገሮች ናቸው። ግን ሁሉንም ያለ ነጥብና ያለ ክፍያ ማግኘት ይቻላል።

"ታዲያ ከጠቀመ ምን አገባህ?" የሚለኝ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሦስት ነገር ያሳስበኛል።

አንደኛ፣ ጣቴ ነው ያዳነኝ ያለ ሰው ፓኒኩ በራሱ እንደሚያልፍ የሚያይበትን ዕድል ያጣል። በየጊዜው "ባልመታ ኖሮ ሞቼ ነበር" ይላል። ፍርሃቱ እንዳለ ነው፤ ምርኩዝ ብቻ ነው የተጨመረለት። ፈተና ክፍል ውስጥ ሰው ያየኛል ብላ መምታት ያፈረች ልጅ ደግሞ ምርኩዟን ያጣች ቀን እጥፍ ትደነግጣለች።

ሁለተኛ፣ ሕክምና ይዘገያል። የልብ መምታት ከታይሮይድ፣ ከደም ማነስ ወይም ከልብ ሕመምም ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ይይ።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ። የወላጅ ደመወዝ ስንት እንደሆነ የምናውቅ እናውቀዋለን።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለተማሪዎቼ የምላቸው ይሄን ነው።

ሲመጣባችሁ አትሩጡ። ባላችሁበት ተቀመጡ። "ይሄ አድሬናሊን ነው፣ ያልፋል" በሉ። ትንፋሽ በአፍንጫ አስገቡ፤ ስታስወጡ ከማስገባቱ ይርዘም፣ ለምሳሌ በ4 አስገብታችሁ በ6 አስወጡ። ከዚያ ለማቆም አትታገሉ፤ ጊዜ ስጡት። አውስትራሊያዊቷ ሐኪም ክሌር ዊክስ እ.ኤ.አ. በ1962 በመጽሐፏ የመከረችው ይሄንኑ ነው። ፊት ለፊት ተቀበሉት፣ ተንሳፈፉበት፣ ጊዜው እንዲያልፍ ፍቀዱ። የሚደጋገምባችሁ ከሆነ የሥነ ልቦና ሕክምና አለ። አንዳንዴ ሆን ብለው ደረጃ አስሩጠው ልባችሁን ያስመታሉ፤ ምቱ እንደማይገድል በገዛ ሰውነታችሁ እንድትማሩት። በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒትም አለ። አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ ማበድ ማለት አይደለም እሺ! ጸበል የምትጠመቁ ተጠመቁ፣ ዱዓ የምታደርጉ አድርጉ፤ ከሐኪም ጋር አይጣላም።

አሁን ወደ ቡናው። ቡና፣ ኢነርጂ ድሪንክና ጫት እየወሰዱ ሌሊቱን ማደር ልብን ራሱ ያስመታል። ከፈተና በፊት ባለው ሳምንት ይሄን የሚያደርግ ልጅ ደወሉን በገዛ እጁ እየደወለ ነው።

ለወላጆችና ለመምህራን ደግሞ አንድ ቃል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ልጆቻችን ከቤታቸው ርቀው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነበር የተፈተኑት። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይሄን ቁጥር ልጆቹ ያውቁታል፤ ይዘውት ነው ፈተና ክፍል የሚገቡት። እዚያ የአንዷ ትንፋሽ ቢቆራረጥ እናት አጠገቧ የለችም። ያለው ፈታኙ ነው። ያ ሰው "አታካብጂ" ካላት ወይም ክብሪት ለኩሶ ካሸተታት ተነሥታ ትወጣለች፤ የ12 ዓመት ልፋት በ10 ደቂቃ ፍርሃት ይሄዳል። "አይዞሽ፣ ያልፋል፣ እዚሁ ነኝ፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ" ካላት ግን ምናልባት እስክሪብቶዋን መልሳ ታነሣለች። ይሄን ለመናገር ስልጠና አያስፈልግም።

እናም ለጠየቅሽኝ ልጅ፤ መምታት ደስ ካለሽ ምቺ፣ ማንም አይከለክልሽም። ያለፈልሽ ግን ሰውነትሽ ራሱ መረጋጋት ስለሚያውቅበት ነው። አንድ ቀን እጅሽን ጭንሽ ላይ አሳርፈሽ ሰዓትሽን እያየሽ ጠብቂው። ሲወርድ ታዪዋለሽ። ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ እንደ በፊቱ አያስፈራሽም።

የ12ኛ ክፍል ልጅ ላለው ሰው ሼር አድርጉለት። ያጋጠማችሁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ ሌላው እኔ ብቻ አይደለሁም ይበል። ቸር ሰንብቱ።