ማስታወሻችሁን ደመና ላይ አትስቀሉ

ወልቂጤም ቡታጅራም የማውቀው ላፕቶፕ ያለው ወጣት ሁሉ የኖሽን ሰባኪ ሆኖብኛል፡፡ ገጹ ያምራል፣ ሠንጠረዡ ያምራል፣ ትንንሾቹ ሥዕሎችማ አይጣል ነው፡፡ ኖሽን ያልገባው ደግሞ ማስታወሻውን ቴሌግራም ላይ ለራሱ ይልካል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከቀልድና ከዘፈን መሀል ሲፈልገው ይውላል፡፡ ሁለቱም አይዋጡልኝም፡፡

እኔ የምጠይቀው ስለ ውበት አይደለም፡፡ ፋይሉ የት ነው ያለው? ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ጠፍቶ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆየ፡፡ ኖሽን ያለ ኔትወርክ መሥራት የጀመረው ገና እ.ኤ.አ. በ2025 ነው፤ እሱም ቀድማችሁ ላወረዳችሁት ገጽ፡፡ ኤቨርኖት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ነፃ ተጠቃሚዎቹን 50 ማስታወሻ ላይ ገደባቸው፡፡ ከዚያ በላይ የፈለገ ይክፈል ነው ነገሩ፡፡ በየትኛው ዶላር?

መፍትሔው እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚቀመጥ ዊኪ ነው እላለሁ፡፡ ዊኪ ስል ዊኪፔዲያን ማለቴ አይደለም፤ ገጽ ከገጽ የሚጠራራበት የግል ደብተር ማለቴ ነው፡፡ የወልቂጤ ሰው በ2015 ዓ.ም. የውሃ ጥያቄ ይዞ አደባባይ ወጣ እንበል፤ ወጥቷልም፡፡ "የወልቂጤ ውሃ" የሚል ገጽ ትከፍታላችሁ፡፡ በጀቱ አንድ ገጽ፣ ቃል የገባው ባለሥልጣን አንድ ገጽ፣ ሁሉም ይያያዛሉ፡፡ ሰውየው ተዛውሮ ሌላ ቢሮ ሲገባ ቃሉም አብሮት ይሄዳል፡፡ ለጋዜጠኛ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፡፡

ሦስቱን ሞክሬያለሁ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2004 ጄረሚ ረስተን የሠራው ቲድሊዊኪ ሙሉ ደብተሩ አንዲት ፋይል ናት፤ በፍላሽ ይዛችሁ ኢንተርኔት ካፌ ገብታችሁ በብራውዘር ትከፍታላችሁ፡፡ ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ሴቭ ማድረጉ ግን ያንገበግባል፡፡ ተጨማሪ መሣሪያ ካልገጠማችሁለት በየጊዜው አዲስ ቅጂ እያወረደ የትኛዋ የመጨረሻዋ እንደሆነች ያምታታችኋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2020 የመጣው ኦብሲዲያን ሸጋ ነው፤ ማስታወሻው ተራ የጽሑፍ ፋይል ሆኖ እናንተው ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፡፡ የፕሮግራሙ ኮድ ግን ዝግ ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይከብዳል፡፡ ዚም መልኩ የቀበሌ ቢሮ ነው፤ "ዋው" ያለለት ሰው አላየሁም፡፡ ግን አይከብድም፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ እያንዳንዱ ገጽም ተራ ፋይል ነው፡፡ ነገ ዚም ራሱ ቢጠፋ ኖትፓድ ይከፍተዋል፡፡ የኔ ምርጫ እሱ ነው፡፡

"መፈለጊያ እያለ ማያያዝ ምን ያደርጋል?" የሚሉ አሉ፡፡ ኧረ ለመሆኑ በአማርኛ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? "ዞን" ብላችሁ ስትፈልጉ "ዞኑ" አይመጣም፤ ለማሽኑ "ን" እና "ኑ" የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው፡፡ "ፀሐይ" እና "ጸሀይ"ም እንደዚያው፡፡ ማያያዣ ግን ገጹን በአንድ ስም ጠርቶ ይገላገላል፡፡ በጉራግኛ የምትጽፉ ደግሞ ልብ በሉ፤ ለጉራግኛ ከተጨመሩት ፊደላት አንዳንዶቹ ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፡፡ ባዶ ሳጥን ከታያችሁ ጥፋቱ የፎንቱ እንጂ የዊኪው አይደለም፡፡

ደግሞ አንድ ነገር፡፡ ዚምም ኦብሲዲያንም የገጽ ስም ስትቀይሩ በየማስታወሻው ያለውን ማያያዣ አብረው ሊቀይሩላችሁ ይችላሉ፡፡ ምቹ ነው፤ አደገኛም ነው፡፡ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ የሆነችው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ነው፡፡ "ጉራጌ ዞን" የሚለውን ገጽ ዛሬ "ምሥራቅ ጉራጌ ዞን" ብላችሁ ብትሰይሙት የ2013 ማስታወሻችሁ ያኔ ያልነበረ ዞን ሊጠቅስ ነው! አዲስ ገጽ ክፈቱ፣ ከአሮጌው ጋር አያይዙት፣ አሮጌውን ግን አትንኩ፡፡

ላፕቶፑ ቢሰረቅስ? ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የደመና ሰባኪዎቹ እዚህ ላይ እውነት አላቸው፡፡ ተራ ፋይልን ማንም ይከፍተዋል፤ የምንጫችሁ ስም ያለበት ከሆነ ዲስኩን ኢንክሪፕት አድርጉ፡፡ ቅጂውንም ሁለት ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፤ አንደኛው እናታችሁ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ይሁን፡፡ ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ብቻ አይሁን፡፡