የመጽሐፉ ገድል እና መጽሐፉ

«ያንን መጽሐፍ አንብቤዋለሁ» የሚል ሰው ካጋጠመኝ ከእንግዲህ አንድ ጥያቄ ልጠይቀው ወስኛለሁ፤ «የትኛው ገጽ ላይ ተናደድክ?» መልስ ከሌለው አላነበበም። ጨካኝ ፍርድ ነው ትሉኝ ይሆናል። ነው። ግን መጀመሪያ የፈረድኩት በራሴ ላይ ስለሆነ ጥቂት ታገሡኝ።

ከአሥር ዓመት በፊት፣ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን በያዝኩ ማግስት፣ በአንድ ጋዜጣ የኪነ ጥበብ ዓምድ ላይ ስለ ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ጽፌ ነበር። ጽሑፉ ምን ያልነበረው አለ! «ከዘመኑ የቀደመ»፣ «የልብ ወለዳችን ቁንጮ»፣ «ትውልድ የሚማርበት»… አንድ ነገር ብቻ ጎድሎት ነበር፤ ጸሐፊዋ መጽሐፉን ከአርባኛው ገጽ አላለፈችውም። ማንም አልነቃብኝም። አዘጋጁ አመሰገነኝ፤ አንባቢዎች «እውነት ብለሻል» አሉኝ። ያኔ ብልጠቴ መስሎኝ ነበር። ለምን እንዳልነቁብኝ የገባኝ ግን ዘንድሮ ነው፤ እነሱም አላነበቡትም ነበር። ማናችንም ያልጨረስነውን መጽሐፍ ሁላችንም በአንድ ድምፅ አደነቅን። የአገሬ ሰው «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው።

ዘንድሮ ምን ተገኘ? መጽሐፍ መግዛት አቃተኝ። ከጊዜ ጊዜ የሚያሻቅበውን የመጽሐፍ ዋጋ ለከተማ አንባቢ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነውና አልገባበትም። ስለዚህ መጻሕፍት በውሰት የሚሰጥ አንድ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ፈልጌ አገኘሁ። ማስያዣ ከፍዬ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ አንድ እየወሰድኩ፣ በሁለት ወር ውስጥ አራት መጻሕፍት አነበብኩ። የመጀመሪያው ዕዳዬ ነበር፤ «አደፍርስ»። ከኋላው የተለጠፈችውን የውሰት ወረቀት ሳያት ማኅተሞቿ ጥቂት ናቸው። የመውሰጃውና የመመለሻው ቀንም በጣም ይቀራረባል።

«ጋሼ፣ ይሄን መጽሐፍ ሰው አይወስደውም እንዴ?» አልኳቸው የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ።

«ይወስዱታል እንጂ ልጄ። በሦስተኛው ቀን ይመልሱታል።»

«ጨርሰው?»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «አንቺ ምን ይመስልሻል?»

እኔ የሚመስለኝን ልናገር። እኛ የምናነበው መጽሐፉን አይደለም፤ የመጽሐፉን ገድል ነው። ታዋቂ ድርሰቶቻችን ሁሉ በራቸው ላይ አንድ ዘበኛ ቆሟል። ዘበኛው ስለ መጽሐፉ የሚነገረው ታሪክ ነው። እሱን ሰላም ብለን፣ ባርኔጣችንን አንሥተን፣ ወደ ውስጥ ሳንገባ እንመለሳለን። ከዚያም «ገብተን አይተናል» እንላለን። አራቱንም መጻሕፍት በየዘበኞቻቸው በኩል ላሳያችሁ።

የ«አደፍርስ» ዘበኛ «ከባድ ነው» የሚለው ስም ነው። ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ በር ላይ ቆሟል። በእርግጥ ቀላል አይደለም። ዳኛቸው አንባቢውን እጁን ይዞ አይወስድም፤ ትረካው ይቆራረጣል፣ ክርክሩ ይረዝማል፣ ቃላቱ አንዳንዴ መዝገበ ቃላት ያስገልጣሉ። ግን የተናደድኩት በዚህ አይደለም። የተናደድኩት በአደፍርስ በራሱ ነው። ይህ ዩኒቨርሲቲ የቀመሰ ወጣት ብዙ ያወራል፤ ጥቂት ይሰማል። ባላገሩን ሊለውጥ ይመጣል እንጂ ከባላገሩ ሊማር አይመጣም። ስሙ ራሱ ትእዛዝ ነው፤ አደፍርስ! ያደፈርሳል፤ ከደፈረሰው ውኃ ግን ማን እንደሚጠጣ አይጠይቅም። ከመቶኛው ገጽ በኋላ ደራሲው ይህን ከእኔ በፊት ማወቁ ገባኝ። መጽሐፉ የአደፍርስ ውዳሴ አይደለም፤ ክሱ ነው። እኔ ግን ከአሥር ዓመት በፊት «የለውጥ አርአያ» ብዬ ጽፌለት ነበር። ይህን ያህል ተቃራኒ ነገር ጽፌ የሚያርመኝ አንድ አንባቢ አለመገኘቱ አያስፈራም?

ሁለተኛው መጽሐፍ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የዚህኛው ዘበኛ የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ያን ድምፅ የማይወድ ጆሮ የለኝም። በሬዲዮ ሲተረክ ፊደል ያልቆጠሩ ወላጆቻችን ሳይቀሩ የሰብለ ወንጌልን ስም እንደ ጎረቤት ልጅ ስም ያውቁታል፤ ይህ ለአንድ ልብ ወለድ ትልቅ ክብር ነው። ነገር ግን ድምፁ የመረጠልንን ይዘን ቀረን፤ በዛብህና ሰብለ፣ እንባና መቃብር። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ወፍራም መጽሐፍ ገልጬ ስገባ ግን የማረኩኝ እነሱ አይደሉም። የማረኩኝ የበዛብህ ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ናቸው። ባል ሞቶባት የተፈራች ሴትና ደኃ ሰው እንዴት ቀስ ብለው፣ ተፋፍረው፣ ጎጆ እንደሚቀልሱ የተጻፈበት ክፍል በእኔ ሚዛን ከዋናው ፍቅር ይበልጣል። እነዚያ ሁለት ሰዎች አንድ ልጃቸውን በስእለት ለቤተ ክርስቲያን ይሰጡታል። መከራው ሁሉ የሚመዘዘው ከዚያ ነው። ከክፉ ሰው ብቻ ሳይሆን ልጃቸውን ከሚወዱ ሰዎች መልካም ሐሳብም መከራ ሊመነጭ ይችላል ማለት ነው። ይህ ፊታውራሪ መሸሻን ከመጥላት የበለጠ ከባድ ትምህርት ነው።

የተናደድኩበት ገጽስ? ጉዱ ካሳ በሚናገርባቸው ረጃጅም ገጾች ላይ። የሚናገረው እውነት ነው፤ ግን አንዳንዴ ካሳ ዳምጤ ይጠፋና ደራሲው ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚሰብክ ይመስላል። የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ደግሞ ልባችንን ለመስበር ሲሉ አጋጣሚን አብዝተው ይጠሩታል። ይህን በአንድ የጓደኞች ጨዋታ መካከል ብናገር «በሐዲስ ላይ!» ተብዬ ተገሠጽኩ። የገሠጸኝን ሰው የቦጋለ ሚስት ማን ትባል እንደነበር ጠየቅኩት። ዝም አለ። ቡናው ቀረበና ዳንን።

ሦስተኛው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። እዚህ ዘበኛው የሰው ደም ስለሆነ ቀና ብሎ ማለፍ ያስፈራል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታተመ፤ ብዙም ሳይቆይ ከየመሸጫው ተለቀመ። በዓሉ ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተነሣ፤ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ስለ «ኦሮማይ» የምናውቀው ሁሉ ግን ይኸው ብቻ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? በ2017 ዓ.ም. መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣም እኛ የተጨዋወትነው ስለ ደራሲው መጥፋት ነበር።

እኔ ጋዜጠኝነት ተምሬ ስለሆነ ይሆናል፣ ያስጨነቀኝ ጉዳይ ሌላ ነው። ተራኪው ፀጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ አስመራ የሚሄደው ግን እውነት ሊዘግብ አይደለም፤ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ፕሮፓጋንዳ ሊመራ ነው። የሚያየውንና የሚያሠራጨውን ለየብቻ ይዞ ይኖራል። ያም ሆኖ ደስ ይላል፣ ይቀልዳል፣ ይወደዳል። የመጽሐፉ ድፍረት እዚህ ላይ ነው፤ ባለሥልጣናትን ከመንካቱ ይልቅ፣ የሥርዓቱን አፍ ሆኖ የሚሠራ ጨዋ ሰው ምን እንደሚመስል ከውስጥ ማሳየቱ። እኔና የሙያ ጓደኞቼ ይህን መጽሐፍ ስለ ሳንሱር ስናወራ እንጠቅሰዋለን። ስለ ራሳችን ሲሆን ግን አናስታውሰውም።

የተናደድኩበትንም ልንገራችሁ፤ ሴቶቹ ላይ ነው። ሮማን አዲስ አበባ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ ፊያሜታ አስመራ ላይ ታበራለች። የፀጋዬ ዓይን እንደ ካሜራ ገላቸው ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ሐሳባቸው ዘንድ ለመድረስ ግን ይደክመዋል። ዓይኑ የፀጋዬ ነው ወይስ የበዓሉ? መልሴን ገና አልቆረጥኩም፤ ጥያቄውን መጠየቅ ግን መብቴ ነው። «ሕይወቱን ለከፈለ ደራሲ እንዲህ አይባልም» የሚሉኝ አሉ። ለእነሱ የምመልሰው ይህ ነው፦ ሳንሱር «ኦሮማይ»ን ከመደርደሪያ ያነሣው ሰው እንዳይከራከርበት ነው። እኛ ደግሞ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠን አንከራከርበትም። ልዩነቱ አቧራው ብቻ ነው።

አራተኛው መጽሐፍ ትርጉም ነው፤ የማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ፣ በነቢይ መኮንን አማርኛ «ነገም ሌላ ቀን ነው»። ዘበኛውን ታውቁታላችሁ። ነቢይ በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተረጎመው፤ ቁርጥራጩ በድብቅ ከወኅኒ ወጣ። ለእኔ ይህ ከኢትዮጵያ የሥነ ጽሑፍ ታሪኮች ሁሉ የሚያኮራው አንዱ ነው። የሰው ልጅ በጨለማ ክፍል ውስጥ ብዕር ሲፈልግ ማየት ያስለቅሳል። ግን ወረቀቱን ስናደንቅ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ማን ጠየቀ?

ወረቀቱ ላይ ያለው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የታተመው ይህ ልብ ወለድ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ዘመን የጆርጂያ ባለርስቶችን ሕይወት ይተርካል። ስካርሌት ኦሃራ ብርቱ፣ ራስ ወዳድ፣ የማትረሳ ሴት ናት፤ የገጸ ባሕርይ አሣሣሉን አለማድነቅ አይቻልም። ነገር ግን ጥጡን የሚለቅሙት ባሮች ናቸው። መጽሐፉ እነዚያን ሰዎች በባርነታቸው የሚደሰቱ፣ ነፃነት ሲመጣ የሚደናበሩ አድርጎ ይሥላቸዋል። ፈረስ ጭነው በሌሊት ጥቁሮችን የሚያሸብሩትን ኩ ክለክስ ክላኖችም የክብር ሰዎች አድርጎ ያቀርባቸዋል። እኔ አዲስ አበባ ላይ ቁጭ ብዬ ለስካርሌት ረኃብ አለቀስኩ። አንድ ምሽት ላይ ግን እንባዬን ጠርጌ ራሴን ጠየቅኩ፤ ለማን ነው የማለቅሰው? ለእመቤቲቱ እንጂ ጥጥ ለቃሚዋ እናቷን ተነጥቃ ስትሸጥ አንድ ገጽ እንኳ አላገኘሁላትም።

«ይህ የአሜሪካኖች ጣጣ ነው» እንዳትሉኝ። ባርነት በሕግ በተሻረበት በ1934 ዓ.ም. የተወለዱ አያቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። የኛም ቤቶች ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች እንጀራ የጋገሩባቸው፣ ውኃ የቀዱባቸው ናቸው። አንድ የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን መጽሐፍ ሲያነብ ከአሜሪካዊው ይልቅ ሊቆረቁረው ይገባ ነበር። ካልቆረቆረው የሲጋራው ወረቀት ጋርዶበት ነው። ነቢይን ልወቅስ አይደለም፤ አንድ እስረኛ በእጁ የገባለትን መጽሐፍ ወደ ሕይወት ገመድ መለወጡ ከወቀሳ በላይ ነው። የምወቅሰው ገመዱን ስመን መጽሐፉን ያልገለጥነውን፣ ከገለጥነውም ያልጠየቅነውን እኛን ነው።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» ይላል ያራዳ ልጅ። ብዙ ነገር። ሐያስያን ነን የምንል ሰዎች የደራሲ ልደትና ሙት ዓመት ጠብቀን ሻማ ከማብራት ወጥተን የመጽሐፍ ገጽ እንጥቀስ። የሥነ ጽሑፍ መምህራን «የመጽሐፉ ጭብጥ ምንድን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «የቱ ጋ አልተስማማህም?» ብለው ይጠይቁ። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች ደግሞ መጽሐፍ ለውሰት ይስጡ! እኔ በደረስኩባቸው ብዙዎቹ ቤቶች መጽሐፍ የሚነበበው እዚያው፣ በተቆጠረ ሰዓት፣ በዘበኛ ዓይን ሥር ነው። ይጠፋል ይሉናል። አዎ፣ አንዳንዱ ይጠፋል። ቤቱ ይዞት ያልተኛ፣ ወጥ ያልነካው፣ አውቶቡስ ላይ ያልተገለጠ መጽሐፍ ግን ከጠፋው በምን ይሻላል? ከመጽሐፍ ጋር ጠብ የሚጀመረው አልጋ ላይ ነው፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ ማንም በሌለበት።

ጉዳዩ የመጽሐፍ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጮኽኩ። ሳናነብ ማድነቅ የለመደ አፍ ሳያነብ ማውገዝም ይለምዳል። መጽሐፍን «ታቦት ነው» ወይም «መርዝ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ያጣ ሰው፣ ሰውንም «ጀግና ነው» ወይም «ባንዳ ነው» ከማለት ሌላ ቃል አይኖረውም። ባለፉት ዓመታት በእነዚህ ሁለት ቃላት ብቻ ስንነጋገር ምን እንዳተረፍን እናንተው መስክሩ። በሁለቱ መካከል ያለውን ሰፊ አገር የምንለምደው፣ ለማንም ጉዳት በሌለው ሜዳ ላይ፣ ከመጽሐፍ ጋር እየተጣላን ነው።

እኔ ዕዳዬን ልክፈል። ከአሥር ዓመት በፊት ያን ጽሑፌን አምናችሁ «አደፍርስ»ን ገዝታችሁ መደርደሪያ ላይ ላስቀመጣችሁ ሁሉ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መጽሐፉ ያልኩት ዓይነት አይደለም፤ ይበልጣል፤ ደግሞም ያናድዳል። አንሡት። አቧራውን አራግፉት። አርባኛው ገጽ ላይ ስትደርሱ መዝጋት ያሰኛችኋል፤ እኔ የዘጋሁት እዚያ ነው። አንድ ገጽ ብቻ ጨምሩ።