ናይሮቢ፦ አበል ሐኪምን ያቆያልን?

ለመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ በላይ ልዩ አበል የሚታሰብለት ወይ የተመደበበት ቦታ አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ ወይም ሙያው ተፈላጊ በመሆኑ ጥሎ እንዳይሄድ ነው። የኬንያ መንግሥት ሁለቱንም ዓይነት ሲከፍል የኖረ ቢሆንም ሐኪሙም መምህሩም ከመሄድ አልተገቱም።

የነገሩ ሥር ሩቅ ነው። በ1963 ዓ.ም. የቀረበው የንዴግዋ ኮሚሽን ሪፖርት የመንግሥት ሠራተኞች በግል ንግድ እንዲሰማሩ በር ከፈተ። ኋላ ደግሞ ለመንግሥት ሐኪሞች የግል ሕክምና እንዳይዙ የሚከፈል አበል መጣ። በአንድ እጅ የፈቀዱትን በሌላው እጅ በገንዘብ መልሶ መግዛት ማለት ይህ ነው።

በሰኔ 2005 ዓ.ም. የጤና ሚኒስቴር ከሐኪሞች ማኅበር ጋር ደመወዝን እስከ 300 በመቶ ከፍ የሚያደርግ ውል ተፈራረመ፤ ውሉ ግን በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ሐኪሞቹ ሦስት ዓመት ከታገሡ በኋላ ኅዳር 26 ቀን 2009 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። አድማው 100 ቀን ሲዘልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች አልጋዎች ባዶ ሆኑ። የግል ክሊኒክ ለመክፈል አቅም የሌለው በሽተኛ ግን መሄጃ አጣ። በየካቲት ወር ሰባት የማኅበሩ መሪዎች ፍርድ ቤት ደፍረዋል ተብለው ታሥረው ከሁለት ቀን በኋላ ተፈቱ። መጋቢት 5 ቀን አድማው ቆመ፤ በሰኔም አዲስ ውል ተፈረመ።

በግንቦት 2010 ዓ.ም. መንግሥት 100 ያህል የኩባ ሐኪሞችን አስመጣ። የአገሩ ሐኪሞች ከእኛ የበለጠ ይከፈላቸዋል ሲሉ አጉረመረሙ። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ከእነዚሁ እንግዶች ሁለቱ ማንዴራ ላይ ታፈኑ።

ማንዴራ፣ ዋጂርና ጋሪሳ የበረሃ አበል የሚከፈልባቸው አውራጃዎች ናቸው። በኅዳር 2007 ዓ.ም. ማንዴራ አጠገብ በአውቶቡስ ላይ በተጣለ አደጋ 28 ሰዎች ሲገደሉ ብዙዎቹ ለዕረፍት የሚጓዙ መምህራን ነበሩ። በጥር 2012 ዓ.ም. ጋሪሳ ውስጥ ሦስት መምህራን በመገደላቸው ከሌላ አካባቢ የመጡት መምህራን ከሦስቱም አውራጃዎች እንዲወጡ ተደረገ። ሕይወቱ ለሚያሰጋው ሰው አበል ምን ይፈይዳል? ትምህርት ቤቶቹም መምህር አልባ ቀሩ።

የመንግሥት መከራከሪያም ከንቱ አይደለም። የኬንያ ደንብ የደመወዝ ወጪ ከገቢ 35 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል፤ ወጪው ግን ከዚያ አልፏል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ስለ ደመወዝ ወጪ ጉባኤ ሲካሄድ ሐኪሞቹ እንደገና አድማ ላይ ነበሩ። በዚህ ጊዜ የተጣሉት ስለ ተለማማጅ ሐኪሞች ክፍያ ነው፤ የ2009ኙ ውል በወር 206 ሺህ ሽልንግ ሲል መንግሥት 70 ሺህ እከፍላለሁ አለ። አድማው በ56 ቀኑ ቆመ፤ መንግሥት 206 ሺውን ለመክፈል የተስማማው ግን በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.፣ ውሉ ከተፈረመ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ካለፈ በኋላ ነው።